ሽማግሌ የተቀመጠበት ማዕበል

ትሕትና የምትፈልጉ ሰዎች ዛሬ ሌላ ቤት አንኳኩ፤ እኔ ልኮራ ነው የተቀመጥኩት። አርባ አምስት ዓመት የሞላኝ፣ በር ስገባ ቦርጬ የሚቀድመኝ፣ ሮም ከተማ ውስጥ አሳንሰር እየጠገንኩ የምኖር ሰው፣ ባሕር ላይ ከማዕበል ጫፍ ተወርውሬ፣ በአየር ላይ ወደ ኋላ ተገልብጬ፣ አንድ አጥንት ሳይሰበር አርፌያለሁ። ማንም ገፍቶኝ አይደለም። አውቄ፣ ተምሬ፣ ለፍቼ ነው። ትዕቢት ውድቀትን ይቀድማል ይላል መጽሐፉ፤ እኔ ዘንድ ግን ውድቀቱ ቀድሞ ስለመጣ ኩራቱ የሚያስቀስፈኝ አይመስለኝም።

አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ ስትስቁ ይታየኛል። አልቀየማችሁም፤ የገዛ ዘመዶቼም ስቀውብኛል። ነገሩ እያደር ከሮ ሽማግሌ እስከመቀመጥ ደርሷል። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲካሰሱ ሽማግሌ ይቀመጣል። አንድ ሰው በአየር ላይ ተገልብጧል ወይስ አልተገለበጠም ተብሎ ሽማግሌ ሲቀመጥ ግን የእኔ ጉዳይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ይህም ራሱ ትንሽ ያኮራኛል።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ አንድ አሮጌ ሕንፃ አለ፤ አሳንሰሩ ከነዋሪዎቹ በላይ ያረጀ ነው። አንድ ቀን ጠግኜ ስጨርስ፣ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ሲኞራ ደረጃ መውጣት ስለቀረላቸው ደስ ብሏቸው ከምድር ቤት አንድ ሰሌዳ አውጥተው ሸለሙኝ። ቦዲቦርድ ይሉታል፤ በሆድ ተኝተውበት ማዕበል የሚጋልቡበት አጭርና ሰፊ ሰሌዳ ነው። ልጃቸው ሚላኖ ሲሄድ ትቶት ነው። እኛ ደግሞ የተሰጠንን አንመልስም፤ በባቡር ተሸክሜው ቤቴ ገባሁ።

ባለቤቴ ሊና ስታየው ፊቷ በራ። ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ቢታጠብ ቶሎ ይደርቃል። ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ የገዛችውን በርበሬ በረንዳ ላይ አሰጣችበት። ያን በጋ ሙሉ ሰሌዳው በርበሬ ሲያደርቅ ከረመ።

ሙቀቱ ሲበርድ የኦስቲያው አሳንሰር እንደ ልማዱ ቆመ። ሲኞራዋ ሰሌዳውን እጠቀምበት እንደሆነ ጠየቁኝ። በየቀኑ አልኳቸው፤ ይህ ውሸት አይደለም። እሳቸው ግን ደስታቸውን አልቻሉትም፤ እዚያው ስልክ አንስተው ለጎረቤታቸው ለዶናቴላ ደወሉ። ዶናቴላ ጡረታ የወጣች የዋና አስተማሪ ናት። ዕድሜዋ ስልሳን አልፏል፤ እርስዎ ስላት ያረጀሁ ይመስለኛል ብላ ስለከለከለችኝ ነው አንቺ የምላት። እኔ የማመልጥበትን ሰበብ ስፈልግ ሁለቱ ሴቶች ቀጠሮ ይዘውልኝ ጨርሰዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ዋና የተማርኩት በልጅነቴ ሶደሬ ነው። ሶደሬ ውሃው ጨዋ ነው፣ ባለበት ይጠብቃችኋል። የኦስቲያ ባሕር ግን እንግዳ አያከብርም። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳውን በጨርቅ ጠረግ አድርጌው ብቻ ነበር የገባሁት። አንድ ማዕበል መጥቶ ገለበጠኝና ሰሌዳው ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ባሕር ጨው እንዳለው እሰማ ነበር፤ እንደሚያቃጥል ግን ማንም አልነገረኝም። ሰሌዳው በጋውን ሙሉ የጠጣውን በርበሬ ዓይኔ ውስጥ መለሰልኝ። ስጮኽ ዶናቴላ ሜዱዛ የሚሉት የሚናደፍ የባሕር ፍጥረት የነደፈኝ መስሏት እየጎተተች አወጣችኝ። በርበሬ ነው ስላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ከውሃ ስታወጣ በርበሬ የነደፈው ሰው አጋጥሟት እንደማያውቅ ነገረችኝ።

እዚያው ላይ ባቆም ሰው ነበርኩ። ግን በሆዴ ተኝቼ ማዕበሉን ቀጥ ብዬ እስከ ዳር መጋለብ እንደቻልኩ ዶናቴላ፣ «ባስታ፣ ለአንተ ዕድሜ ይሄ ይበቃል» አለችኝ። ዕድሜ። ያኔውኑ ከአጠገባችን አንድ ሰው ከማዕበሉ ጫፍ ተወርውሮ፣ በአየር ላይ በጎኑ ተጠቅልሎ፣ ተመልሶ አረፈ። ኤል ሮሎ ይባላል አለችኝ፤ የመብረር ሀሁ እሱ ነው። ከሀሁው በላይ ምን እንዳለ ጠየቅኳት። ባክ ፍሊፕ የሚባል አለ፤ ወደ ኋላ መገልበጥ ነው፣ ፊት ወደ ሰማይ። እሱን ነው የምማረው አልኳት። ከአፌ አንዴ የወጣውን የሚመልሰው የለም።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ማዕበሉ ሊሰበር ሲል ጫፉ ወደ ፊት ይቆለመማል። እናንተ ከሥሩ ፍጥነት ይዛችሁ ታጠፉና በቀጥታ ወደዚያ ጫፍ ትወጣላችሁ፤ ጫፉ ሲወረውራችሁ አንገታችሁን ወደ ኋላ ትጥላላችሁ። ራስ ወደ ሄደበት ገላ ይከተላል። ሰሌዳው ከሆድ መለየት የለበትም፤ ሲያርፉም በክንድና በሆድ እኩል ነው። የሚወጣና የሚወርድ ነገር እንጀራዬ ስለሆነ ወዲያው ገባኝ። የገባው ግን ለጭንቅላቴ ብቻ ነው፤ ለገላዬ ገና አልተነገረውም ነበር።

ሮም አጠገብ ያለው ባሕር በበጋ ይተኛል፤ የሚነቃው በብርድ ወራት ሊቤቾ የሚሉት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ነው። ነፋስ በሌለ ቀን አልጋ ላይ እለማመዳለሁ። ሰሌዳውን አቅፌ፣ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ተነስቼ፣ ወደ ኋላ ተወርውሬ ፍራሹ ላይ መውደቅ ነው። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖረው ሰው በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ሲደበድብ ይውላል። አንድ ቀን የአልጋው እግር ተሰበረ። ሊና ከወጥ ቤት መጥታ ወለል ላይ ሰሌዳ አቅፌ ስታየኝ ሄዳ ለእህቷ ለማርታ ደወለች። ሰውዬው እየተለወጠብኝ ነው ስትል ሰምቻለሁ።

ከዚያ ማዕበሉ ከፍ የሚልበት ሳንታ ማሪኔላ ድረስ በባቡር እየሄድን እንማር ጀመር። ወደቅኩ። በጎኔ ወደቅኩ፣ በጀርባዬ ወደቅኩ፣ አንዳንዴም ስሙን በማላውቀው አካሌ ወደቅኩ። ኤል ሮሎን ከብዙ መከራ በኋላ ቻልኩት፤ ዶናቴላም «ቫ ቤኔ» አለች፣ ደህና ነው እንደማለት፤ ከእሷ አፍ ይህ ሽልማት ነው። ባክ ፍሊፑ ግን እንቢ አለ። በመጨረሻ ዶናቴላ ጉንፋን ይዟት በቀረችበት ቀን ብቻዬን ገብቼ ተሳካልኝ። ሰማይ ከእግሬ ሥር ሆነ፣ ባሕር ከራሴ በላይ ሆነ፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ዳር ላይ ማን አየኝ ብዬ ዞር ስል ውሻ የያዘ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ውሻውን ያያል። ድሮ አንበሳ የገደለ ሰው እንኳን ምስክር ከሌለው አይፎክርም ነበር ይባላል። እኔ ይህን ባስብ ኖሮ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ማርታ በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ለእኔና ለሊና እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም፤ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አናወራም። ማርታ ልጇን ክርስትና እንዳነሳላት ስትጠይቀኝ እሺ አልኳትና መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ክርስትና ልጅ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እስክትሞት ድረስ ያንተ ነው፤ ስትሞትም የሚያለቅስልህ አለህ ማለት ነው።

እንግዲህ ማርታ ቤት ምሳ ተሰብስበናል። የገበታው ራስ ጋሽ ኤንሪኮ ናቸው፤ የሊናና የማርታ አጎት፣ አባታቸው ከሞተ በኋላም ያሳደጓቸው። ከጣሊያን አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ በወጣትነታቸው ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ፍርድ ቤቱን ከለቀቁ ስንት ዘመናቸው፤ ፍርድ ቤቱ ግን እሳቸውን አልለቀቀም። ውጭ ይዘንባል ብትሏቸው «ምስክር አለህ?» ይላሉ። እኔን ደግሞ ከጥንትም አያምኑኝም፤ ወሬ ሳወራ ትንሽ ማሳመር እንደምወድ ያውቃሉ።

ደስታዬ ገነፈለና ባክ ፍሊፑን አወራሁ። እውነት ስለሆነ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም፤ ሳላሳምረው ብናገር ደግሞ የባሰ ውሸት መሰለ። ጋሽ ኤንሪኮ ሹካቸውን አስቀምጠው የተለመደውን ጥያቄ ጠየቁ። ውሻ የያዘ ሰው ነበር አልኳቸው። የሰውዬውን ስም ጠየቁኝ፤ አላውቅም። የውሻውን ስም ጠየቁኝ። ገበታው በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«አሎራ፣ ስማኝ» አሉ። «ልጅ ክርስትና የሚያነሳ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ስለ ልጁ ቃል ይገባል። ለጨዋታ የሚዋሽ ሰው ቃል ሲገባ በምን እንመነው? ሌላ ሰው ይፈለግ።»

ማርታ አንገቷን ደፋች። በዚያ ቤት እሳቸው የተናገሩት አይፈርስም። እኔ ዶናቴላን ልጥራ አልኩ፤ አስተማሪ ለተማሪዋ ታደላለች አሉ። በቪዲዮ ተቀርጬ ላሳይ አልኩ፤ ዛሬ በቪዲዮ ውሻም ይሰብካል አሉ። ምሳው ላይ የነበሩት አባ ጴጥሮስ ናቸው ያወጡኝ፤ ለትምህርት ከኢትዮጵያ የመጡና ማኅበራችንን የሚያገለግሉ ረጋ ያሉ ካህን ናቸው። ሦስት ሽማግሌ ሄዶ በዓይኑ ይይና ይፍረድ አሉ። ከተገለበጥኩ ልጁን አነሳለሁ፤ ካልተገለበጥኩ ሌላ ሰው ያነሳዋል። ጋሽ ኤንሪኮም እኔም ተስማማን። ሽማግሌዎቹ አባ ጴጥሮስ ራሳቸው፣ ጡረታ የወጡት ሾፌር ጋሽ በርናርዶ፣ እና ጆሯቸው ትንሽ የደከመው ጋሽ ተክሌ ሆኑ።

ሊቤቾ የሚነሳበትን ቅዳሜ ጠብቀን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተገናኘን። ወደ ሳንታ ማሪኔላ የሚሄደው ባቡር የሚቆመው ጣቢያው ካለቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል፤ ሽማግሌ ይዞ እዚያ መድረስ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። ደርሰን እኔ ሰሌዳዬን ይዤ ቦታ ልያዝላቸው ብዬ ገባሁ። አባ ጴጥሮስ ጋሽ በርናርዶን ይቅደሙ አሏቸው። ጋሽ በርናርዶ ካህን ቀድሜ አልገባም አሉ። አባም በዕድሜ ይበልጡኛል አሉ። ሁለቱም ወደ ጋሽ ተክሌ ቢዞሩ እሳቸው «በሞቴ» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። በሩ ተዘግቶ ባቡሩ እኔን ብቻ ይዞ ሲነሳ ሦስቱ ገና ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይገባበዛሉ። እንዲህ ሆኖ ተከሳሹ ቀድሞ ደረሰ፤ ዳኞቹ ከሊናና ከማርታ ጋር በሚቀጥለው መጡ። ጋሽ ኤንሪኮ ከሳሽና ዳኛ በአንድ ባቡር አይሳፈሩም ብለው ከሁሉም ኋላ ለብቻቸው ሊመጡ ነው።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽማግሌዎቹ በካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው ባሕሩ ዳር ያለው ዝቅተኛ የድንጋይ አጥር ላይ ተደረደሩ። እኔ ሙታ የሚሉትን ጥብቅ የላስቲክ ልብስ ለብሼ ብቅ ስል አባ ጴጥሮስ በጨዋነት ወደ ሰማይ ተመለከቱ፤ ጋሽ በርናርዶ ታምሞ ነው እንዴ ብለው ሊናን ጠየቋት። አባ ችሎቱን በጸሎት ከፈቱ። ሳዳምጠው ጸሎቱ ወደ ፍታት ያደላ መሰለኝ።

ባሕሩ ዳር ከጠበቀችኝ ከዶናቴላ ጋር ገባሁ። መጀመሪያ የመጣውን ማዕበል ቀድሜው ወደቅኩ፤ ሁለተኛው ቀድሞኝ ወደቅኩ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን አብረን ነበር የምንወድቀው። ስሰምጥ ከዳር «እግዚኦ» ይባላል፣ ብቅ ስል «ተመስገን» ይባላል። ጋሽ ተክሌ በወደቅኩ ቁጥር ይሄ ነው ግልበጣው ብለው ይጠይቃሉ፤ ጋሽ በርናርዶም አይ ይሄ መውደቁ ነው ብለው ጆሯቸው ላይ ይጮኻሉ። ባሕር ላይ ድምፅ እንዴት እንደሚሄድ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሁሉም ይሰማ ነበር።

ነፋሱ እየዞረ ማዕበሉ እያነሰ መጣ። ክንዴ ዛለ። ዶናቴላ ቀርባኝ፣ ከዚህ በኋላ የረባ ማዕበል አንድ ቢመጣ ነው አለችኝ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ስሜ አልነበረም። ያ ሕፃን ሌላ ሰው ክንድ ላይ ሆኖ ታየኝ። ልቤ ተሰበረ፤ ተሰብሮም አልቀረ፣ እልህ ሆነ። የመጨረሻው ሲነሳ ዞርኩና ቀዘፍኩ።

ያን ማዕበል እስክሞት አልረሳውም። ከሥሬ ገብቶ አነሳኝ። ወረድኩ፣ ታጠፍኩ፣ ወደ ጫፉ ወጣሁ፣ ጫፉም ወረወረኝ። አንገቴን ወደ ኋላ ጣልኩት። በዚህ አገር ስንት ዓመት አንገቴን ደፍቼ፣ በየሕንፃው ጉድጓድ ውስጥ በቅባት ተለውሼ ሠርቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ፊቴ ወደ ሰማይ ነበር። ሰሌዳው ከሆዴ አልተለየም። በክንዴና በሆዴ እኩል አረፍኩ፤ ውሃው እንኳን ብዙ አልተረጨም። ምን አሽኮረመመኝ፣ አምሮብኝ ነበር። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ወደ ዳር ዞርኩ።

ያየሁት ጀርባ ነው። በተርታ የቆመ ጀርባ። ጋሽ ኤንሪኮ በዚያችው ቅጽበት በመንገዱ በኩል ደርሰው ኖሮ፣ ሽማግሌዎቹም ሊናም ማርታም «ኖር» ብለው ብድግ ብለዋል። ትልቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ መቀበል ነውር ነው፤ ጀርባ ሰጥቶ መቀበልማ አይታሰብም። ስለዚህ ጀርባ የተሰጠው ለእኔና ለባሕሩ ነው። ጎንበስ ቀና እያሉ እንደምን ሰነበቱ፣ ጤና እንዴት ነው፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል ይሏቸዋል። ሰላምታችን እንደምታውቁት አጭር አይደለም። ሊና ለራሷ ማስታወሻ ስትቀርጸው በነበረው ቪዲዮ ላይ እንኳን የሚታየው የጋሽ በርናርዶ ጋቢ ነው። ዶናቴላም ከማዕበሉ ጀርባ ስለነበረች ያየችው እግሬን ብቻ ነው።

ወጥቼ እየተንቀጠቀጥኩ ፊታቸው ቆምኩ። ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሽማግሌ አይዋሽም። አባ ጴጥሮስ አዝነው ሲገለበጥ አላየሁም አሉ። ጋሽ በርናርዶም አላየሁም አሉ። ጋሽ ተክሌ የትኛው ነበር አሉ። ሌላ ማዕበል እንዳልጠብቅ ባሕሩ ተኝቷል፤ ላም ባልዋለበት ኩበት አይለቀምም። ማርታ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። እኔም የባሕሩ ጨው ነው እያልኩ ጠረግኩ።

አባ ጴጥሮስ ለሥርዓቱ ያህል ወደ ከሳሹ ዞሩ። «ጋሽ ኤንሪኮ፣ እርስዎስ የሚጨምሩት አለ?»

ጋሽ ኤንሪኮ ከደረሱ ጀምሮ የሰላምታውን መልስ እንኳን በወጉ አልመለሱም ነበር። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሁሉም ወደ እሳቸው ሲዞር ፊታቸው ወደ ባሕሩ የነበረው እሳቸው ብቻ ናቸው። ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው ሰው አልነበረም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ተገልብጧል» አሉ። «ወደ ኋላ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ። ተመልሶም በሆዱ አርፏል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ማርታ እጃቸውን ይዛ ሳመች። እኔ ሮጬ ላቅፋቸው ብል ሙታው አላስኬድ አለኝ። ይሁን እንጂ ጋሽ በርናርዶ ጥንቁቅ ሰው ናቸውና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና መነጽርዎን አድርገው ነበር ወይ፣ ርቀቱም ቀላል አይደለም፣ ምናልባት ወፍ እንዳይሆን አሉ። ጋሽ ኤንሪኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲጠይቁ ኖሩ እንጂ ተጠይቀው አያውቁም። ፊታቸው ቀላ። «እኔ ውሸታም ነኝ?» አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠበቃዬ ሆኑ፤ እንዲያ ያለ ጠበቃ ደግሞ በሮም አይገኝም። በመልስ ጉዞው ባቡር ውስጥ ጋሽ በርናርዶን አጠገባቸው አስቀምጠው ሮም እስክንገባ ድረስ ሲያስረዷቸው ነበር።

ልጁን ክርስትና አነሳሁት። ስለ እሱ ስጠየቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስኩ፤ እዚያ መሐል አለቀስኩ፣ በዚህ ጊዜ በር አልዘጋሁም። ከዚያ ማርታ ቤት ድግስ ሆነ። ጋሽ ኤንሪኮ ቤቱ የሞላው እንግዳ አንድም ሳይቀር እንዲያውቅ ነገሩን ያወሩ ጀመር። ሲጀምሩ ከውሃው የሰው ቁመት ያህል አስነሱኝ። ምሳው ሲነሳ ከመብራት ምሰሶ በልጬ ነበር። ፍራፍሬው ሲመጣ ግልበጣው ሁለት ሆነ፤ በአጠገቤ ያልፍ የነበረ የባሕር ወፍም ደንግጦ መንገድ ቀየረ። እኔ፣ ወሬ ማሳመር ሙያዬ ነው ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ አፌን ከፍቼ አዳምጥ ነበር።

ከቲቡርቲና ወዲያ የሚኖር የማርታ ባል ዘመድ በመጨረሻ አላስችል አለው። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ «እውነት ያን ያህል ከፍ ብለህ ነበር?» አለኝ።

ጋሽ ኤንሪኮ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ አንድ ቃሌን አምነው የማያውቁ ሰው፣ አሁን የእኔን ቃል እየጠበቁ ነው። ሕፃኑ ክንዴ ላይ ተኝቷል።

«ጋሽ ኤንሪኮ» አልኩ፣ «እንዲያውም ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት።»